ከቆጥ የወረደችው ዲስኬት

መምህር ሙሉካ ከምሥራቅ ጀርመን ተምሮ ዲላ የገባው አንድ ሻንጣ ልብስና አንድ ኮምፒዩተር ይዞ ነው። የቀበሌው ሊቀ መንበር ኮምፒዩተሩ የሬዲዮ መገናኛ እንዳይሆን ሰግቶ ሁለት ጊዜ እየመጣ አየው፤ ዜና እንኳ እንደማያወራ ሲያረጋግጥ ተወው። ሙሉካ ግን ሥራ አገኘለት። ቡሌ ገጠር የሚኖሩት አባቱ የሚያውቁትን የእንሰት ዓይነት ሁሉ፣ መቼ እንደተተከለ ጭምር፣ በ1981 ክረምት እየነገሩት ጻፈው። በጥቅምት አባቱ ዐረፉ፤ እናቱም ዲላ እሱ ዘንድ ገቡ። የአባትየው ቃል የቀረው በአንዲት ዲስኬት ላይ ነበር፤ ኮምፒዩተሩን የምታስነሳውም እሷው ነች። ትርፍ ዲስኬት ዲላ ከየት ይመጣል?

የዲላን ዝናብ የቀመሰ ያውቀዋል፤ ጫማ በሳምንቱ ይሻግታል። አባቱ የዘር በቆሏቸውን ከምድጃው በላይ ቆጥ ላይ ሰቅለው በጭስ ያቆዩት ነበር። ያን ያህል ዓመት ባሕር ማዶ የተማረው ሰውዬም ዲስኬቷን በላስቲክ ጠቅልሎ ማድ ቤቱ ቆጥ ላይ ሰቀላት።

ከወር በኋላ አንድ ቅዳሜ ጠዋት አውርዶ ቢከታት ኮምፒዩተሩ አልነሳም አለ። ማስነሻው፣ የሲስተሙ ፋይል፣ ተበላሽቷል ይላል። የቆጡ ሙቀትና ጭስ እንደጎዳት ሙሉካ ተረዳ። አባቱን በገዛ እጁ ሁለተኛ የቀበረ መሰለው፤ ራሱን ይዞ ተቀመጠ። እናቱ ነገሩ ባይገባቸውም ፊቱን አይተው አጠገቡ ቁጭ አሉ።

ድንገት ከጀርመን ያመጣት ዋናዋ የሲስተም ዲስኬት ትዝ አለችው። እንደመጣ ሰሞን፣ ቤት እስኪያገኝ ሻንጣውን ባለ ሱቁ ከማሉዲን ዘንድ ሲያስቀምጥ፣ እሷንም እዚያው ትቷት ነበር። እየሮጠ ሄደ። ከማሉዲን አቧራ የሚባል ነገር አይወድም፤ ከመስታወት መደርደሪያው፣ ከሐር ሻሾቹ መሃል፣ ንጽሕት እንዳለች አወጣለት።

«መምህር፣ ምን እንደሆነች አላውቅም፤ አደራ መሆኗን ግን አውቃለሁ» አለው።

በእሷ ኮምፒዩተሩ ተነሳ። ቀጥሎ የቆጧን ዲስኬት ከቶ ፋይሎቹን አንድ በአንድ አስመረመረ። የተበላሹት ሁለት የሲስተም ፋይሎች ብቻ ነበሩ። ዲስኬቷን እንደ አዲስ ማዘጋጀት የአባቱንም ቃል ጠርጎ ያጠፋል፤ ስለዚህ ሁለቱን ብቻ ከዋናዋ ላይ ገልብጦ ተካቸው። ለብቻዋ አስገብቶ ሲሞክራት ተነሳች፤ ጽሑፉም ተከፈተ።

ሙሉካ እፎይ አለ። ደስታው ሲያቅተው ከላይ ጀምሮ ለእናቱ ያነብላቸው ገባ። መጨረሻው ላይ አባቱ እንዲህ ብለው ነበር፦ «ይቺኛዋን እንሰት የተከልኳት ሚስቴ ሙሽራ ሆና በገባች ዕለት ነው። ዘሯን እስከ ዛሬ አላጠፋሁም።»

እናቱ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ።

«አርባ ዓመት ስንኖር ይህን አንድ ቀን አልነገረኝም» አሉ። «እስቲ ድገመው ልጄ።»

ሙሉካ ደገመላቸው።