በእጃችን ያጎረስነው ሰንጋ

ታጣቂዎች መጥተው የያዙኝ፣ ጸጉር እየቆረጥኩ ሳለ ነው። ደንበኛዬ ግማሽ ራሱ ተላጭቶ ግማሹ እንደጎፈረ ወንበር ላይ ቀረ። "ቆይ፣ ልጨርስለት" ብላቸው ማሽኑን ከእጄ ነጥቀው ወለሉ ላይ ወረወሩት። ጥፋቴ ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም። ጸጉር ቤት ወሬ ይወራል። ጭሮ ከተማ ውስጥ አፉን ዘግቶ የሚቆርጥ ጸጉር አስተካካይ ካለ አሳዩኝና ሥራዬን ልተው።

ያስገቡን ድሮ የእህል መጋዘን የነበረ ቤት ውስጥ ነው። የቱ ከተማ እንደሆነ አልናገርም፤ የሚያውቅ ያውቀዋል። መስኮት የለውም። የነቀዝ፣ የጆንያና የላብ ሽታ ጉሮሮ ይይዛል። ከጎኔ የተኙት ከመቻራ በኩል የመጡ ሽማግሌ ገበሬ ነበሩ። እሳቸው የታሰሩት በልጃቸው ፋንታ ነው። "ልጅህ ጫካ ገብቷል፤ እሱ እስኪመጣ አንተ ትቀመጣለህ" ተብለዋል። ሲያዙ ቀኝ ክንዳቸውን ስለመቷቸው ጣቶቻቸው አይጨብጡም ነበር። ውሃ የሚጠጡት በግራ እጃቸው ነው።

አንድ ጠዋት ግቢው ውስጥ በሬ ጮኸ። ሽማግሌው ብድግ ብለው ተቀመጡና ሳሉ። በሬው እንደገና ጮኸ። ደግመው ሳሉ፤ ደግሞ መለሰላቸው።

"አባባ፣ ምንድን ነው?" አልኳቸው።

"የኔ ነው" አሉ። "ሳሌን አወቀ።"

ጠባቂዎቹ ከደጃቸው ፈተው ያመጡት ዳለቻ ሰንጋ ነበር። የግቢው አለቃ ከበላይ ለሚመጡ እንግዶች ድግስ አስቦለታል። ታዲያ በሬው አልበላ አለ። ሣር ፊቱ ከመሩለት፣ አልነካም። ግቢው ውስጥ ለቀቁት፣ ቆሞ ዋለ። አለቃው የሩቅ አገር ሰው ነው፤ በእኛ አገር የሚደልብ በሬ ደጅ ታስሮ በእጅ እየጎረሰ እንደሚያድግ አያውቅም። እንዲህ ላለ በሬ ከመሬት መልቀም ነውሩ ነው። አለቃው በሬው ታመመ ብሎ ደነገጠና ሽማግሌውን አስጠራ። እጃቸው ስለማይጨብጥ እኔ አብሬ እንድሠራ ታዘዝኩ።

"በሬው ከወፈረ ቤትህ ትሄዳለህ" አላቸው አለቃው።

"ከነበሬዬ?" አሉት። የሽማግሌው አማርኛ አንቱታ አያውቅም፤ አለቃውንም "አንተ" ነው የሚሉት። "አንተ ቃልህ ነው?"

"ቃሌ ነው" አለ።

አለቃው ዞር ሲል ተናደድኩ። "አባባ፣ ያሰረኝን ሰው ድግስ በገዛ እጄ ላወፍር?" አልኳቸው።

"ያ ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ በሬው ምን አደረገህ? ራበው እኮ" አሉኝ።

ጠባቂዎቹ እንዳይጣበብ ከእርሻ ሲሳሳ የተነቀለ ለጋ ማሽላ በባጃጅ ያመጣሉ። መጀመሪያ ቀን ዝም ብዬ አንድ እቅፍ አፉ ላይ ደቀንኩበት። በሬው አፍንጫውን ነፍቶ ራሱን አዞረ። ሽማግሌው እንደ መሳቅ አሉ። "አንተ እንግዳ ስታጎርስ እንዲህ ነው?" አሉኝና በግራ እጃቸው ጣቶቼን ይዘው አሳዩኝ። ጤዛው እስኪደርቅ ይጠበቃል፣ አለዚያ ሆዱን ይነፋዋል። አቧራው ይጠረጋል። ቅጠሉ ከነአገዳው ሁለት ሦስቴ ታጥፎ ጭብጥ ይሆናል፤ በፊት ሳይሆን በአፉ ጎን ይገባል። ምላሱ ሲጠመጠምበት ትለቃለህ። ከዚያ ቢስሚላህ ብለህ ሁለተኛውን ታጥፋለህ። እሱ እያላመጠ አትነካካውም፤ አንገቱን ታክለታለህ።

የማሽላ ቅጠል እንደ ምላጭ ነው። መዳፌ ተሰነጣጠቀ። በሬው ግን እኔን ለመደ፤ ጠዋት በሩ ሲከፈት ያየኛል። ንዴቴ አልበረደም፤ እጄ ብቻ ሥራውን ወደደ። ጎኑ ሞላ፣ ሻኛው ወደ አንድ በኩል ጋደም አለ። ሽማግሌውም "ስንሄድ" ማለት ጀመሩ። "ስንሄድ በአሰቦት ቆላ በኩል አንሄድም፣ ሙቀቱ ያከሳዋል" ይሉኛል። እኔም ሞኝ፣ መንገዱን አብሬያቸው እመርጣለሁ።

አንድ ቀን ጠባቂው ከበሩ መለሰን። "ዛሬ አትስጡት" አለ።

"ውሃስ?" አሉ ሽማግሌው።

"ውሃም።"

ከዚህ በላይ አልጠየቁም። ነገ የሚታረድ ከብት ዛሬ እንደማይበላ ለገበሬ አይነገርም። በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የሚባለው ለእኛ ኖሯል። ግድግዳውን ብመታው እጄን አመመኝ እንጂ ግድግዳው ምንም አልሆነም። በሬው ከውጭ ሲጮህ እሳቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳላቸውን አፍነው ያዙ።

በማግስቱ የጥብስ ሽታ ገባ። እኛ ከደረቅ ዳቦና ከባቄላ በቀር ሌላ ምግብ ካየን ቆይተናል። ጠባቂው ትልቅ ትሪ መሐላችን አስቀመጠ። "ከአለቃ የተላከ ነው፤ ብሉ።" ማንም እጁን አልዘረጋም፤ ሁሉም ሽማግሌውን ነው የሚያየው። ጠባቂው ነገሩ የሃይማኖት መሰለውና "ያረደው ሙስሊም ነው፣ ሐላል ነው" አለ። አሁንም ስላልነካነው ሄዶ አለቃውን ጠራው።

"አልበላም ያለው ማነው?" አለ አለቃው በሩ ላይ ቆሞ።

ሽማግሌው ግድግዳውን ተደግፈው ተነሱ። "እኔ" አሉ። "በእጄ ያጎረስኩትን አልጎርስም።"

ምራቄ አፌን ሞልቶት ነበር። ዋጥኩትና "እኔም" አልኩ። ከጥግ አንዱ "እኔም" አለ። ከዚያ ሌላው፣ ሌላው። ሽማግሌው አለቃውን በቀጥታ እያዩት፣ "አንተ ቃልህ ነው ብለኸኛል" አሉት።

"ልጅህን አምጣ" ብሎ አለቃው ዞሮ ሄደ። ትሪው እንደሞላ ወጣ፤ ለውሻ እንደተደፋ ሰማን። እኛ ባቄላችንን ቆረጠምን።

እኔ ቀድሜ ወጣሁ። እሳቸው ቆይተው፣ ልጃቸውም ሳይመጣ፣ ምክንያቱ ሳይነገራቸው ተፈቱ። ወደ መቻራ ሲያልፉ ጸጉር ቤቴ መጥተው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። ላጭቻቸው ስጨርስ እጄን ገልብጠው የመዳፌን ጠባሳ አዩ። "በሬ ግዛ" አሉኝና ሄዱ።

ገዛሁ። ይኸው ዛሬም ከቤቴ ኋላ አንድ ወይፈን አለኝ፤ ጸጉር ቤቴን ከመክፈቴ በፊት አጎርሰዋለሁ። አንዱ ሲሸጥ ሌላ ይተካል። ከራሴ በሬ ሥጋ ግን ቀምሼ አላውቅም።

ያ አለቃ ሥራውን ለቆ አሁን እኛው ከተማ ነው የሚኖረው። የማሽላ ሸክሜን ይዤ ስመጣ መንገድ ላይ ያገኘኛል። ፈገግ ብሎ "እንዴት አደርክ? በሬው ደህና ነው?" ይለኛል። አልፌው እሄዳለሁ። ሚስቴ ትቆጣኛለች፤ ሰላምታ የአላህ ነው፣ አይከለከልም ትላለች። እውነቷን ነው። አላህ ይመልስለት።