ለደረጀ የቀዳሁት ብርጭቆ

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለእናቴ አልነገርኳትም፤ ለንስሐ አባቴም አልነገርኳቸውም። በየዓመቱ ሁዳዴ ሊገባ ሲል ፊታቸው ተንበርክኬ ሰው አምቻለሁ፣ ጾም ሽሬአለሁ፣ ከጎረቤት ተቀያይሜአለሁ እያልኩ ትናንሾቹን ኃጢአቶች ለቃቅሜ አቀርባለሁ። እሳቸውም መስቀላቸውን ከማንሳታቸው በፊት "የቀረ ነገር አለ ልጄ?" ይሉኛል። "የለም አባ" እላለሁ። የሆቴል ሰው ነኝና ለእግዚአብሔርም ሳይቀር የሚቀርበውን መርጬ ነው የማቀርበው።

ዛሬ ለእናንተ እናገራለሁ። አታውቁኝም፤ ብታውቁኝ አልናገርም ነበር። ፈሪ ሰው የሚናዘዘው ለማያውቀው ነው።

እኔ ወንድሜን አጠጥቼዋለሁ። መጠጥ ይቅርብኝ ብሎ በመስቀል የተገዘተ ወንድሜን፣ እሱ ሳያውቅ፣ እኔ እያወቅሁ፣ በእጄ ቀድቼ አጠጥቼዋለሁ። የባሰው ደግሞ ከዚያ በኋላ ያደረግሁት ነው፤ እሱንም አልደብቃችሁም።

ደረጀ ይባላል። ይባል ነበር። እናታችን ሰበታ ገበያ ሽንኩርትና ቲማቲም እየሸጠች ስታሳድገን፣ እሱን በጀርባዬ ያዘልኩት እኔ ነኝ። ሲያድግ ሚኒባስ ነዳ፤ ከሰበታ ዓለም ገና፣ ከዓለም ገና አዲስ አበባ። ቀልደኛ ነበር። የረዳቱን፣ የትራፊኩን፣ መልስ የጎደላቸውን እናት ድምፅ እያስመሰለ ሲያወራ ተሳፋሪው ከመውረጃው ያልፋል ይባልለት ነበር። ግን ይጠጣ ነበር። መጀመሪያ ከሥራ ሲወጣ፣ በኋላ ሥራ ከመግባቱ በፊት፣ በመጨረሻ ሥራውን ትቶ። ሐኪሞቹ ጉበቱ ተጎድቷል፣ ካላቆመ አይቆይም አሉን።

ያስቆመችው ሚስቱ ጫልቱ ናት። እጁን ይዛ ወደ አባቷ ወደ ኦቦ ቶሎሳ ቤት፣ ሱሉልታ ወሰደችው። እዚያ ጠዋት ጠዋት ጸበል እየተጠመቀ ከረመ። ሲመለስ እኛን ሁላችንን ሰብስቦ በንስሐ አባታችን ፊት ቆመና ተገዘተ። ከዛሬ ጀምሮ የሚያሰክር ነገር በአፌ አይዞርም ብሎ መስቀሉን ሳመ። አባም ገዘቱት። እናቴ አለቀሰች፣ እኔም አለቀስኩ። ጸናም። ሚኒባሱ ላይ ተመለሰ፣ ፊቱ ወዛ፣ ጫልቱ አረገዘች።

ደረጀ ዳነ፤ ግን ዝም አለ። ከሥራ ሲወጣ ዓለም ገና ካለው ጁስ ቤት ገብቶ ስፕሪስ ይጠጣል፣ ቤቱ ይገባል፣ ይተኛል። ስንቀልድ ፈገግ ይላል፤ እሱ ግን አይቀልድም። ምን ጎደለብኝ? ተመስገን ማለት ነበረብኝ፤ በአፌም እል ነበር። በልቤ ግን የድሮው ወንድሜ ናፈቀኝ። እየታመመ የሚያስቀኝ ወንድሜ፣ ድኖ ዝም ካለው ወንድሜ በለጠብኝ። እንዲህ የምታስብ እህት ምን ትባላለች? ስም ካላችሁ ስጡኝ።

ከዚያ ሴት ልጅ ተወለደችለት፤ የሲፈን ክርስትና ደረሰ። እኔ የምሠራው አዲስ አበባ፣ አንድ ሆቴል ባር ውስጥ ነው። ሰበታ ያለው ዘመድ ግን ቀኑን ሙሉ ቢራ ስከፍት የምውል ይመስለው ነበር። ስለዚህ ያን ቀን ሙያዬን ላሳያቸው ተነሣሁ።

ፒና ኮላዳ የሚባል መጠጥ አለ። የሞቃት አገር፣ የባሕር ዳርቻ ሰዎች መጠጥ ነው፤ ብርዳም ሰበታ ላይ ምን ሊሠራ መጣ አትበሉኝ። ከሥሩ ሲያሸቱት የሚያውድ፣ በደንብ የበሰለ አናናስ ይላጣል። መሃሉ ያለው ጠንካራው ይወጣል። ከበረዶና ከወፍራም የኮኮናት ወተት ጋር ጁስ መፍጫ ውስጥ ይገባል፣ ሎሚ ጠብ ይደረግበታል። ከዚያ ነጭ ሩም የሚባለው ኃይለኛ አልኮል። ሲያልቅ ነጭ አረፋ ያወጣል፤ ለሕፃን የተዘጋጀ ምግብ ይመስላል። ሥራውን ያስተማረኝ ሰውዬ "ጥሩ ፒና ኮላዳ ማለት ሩሙ ያለ የማይመስለው ነው" ይለኝ ነበር። እኔ ጎበዝ ተማሪ ነበርኩ።

አናናሱን ከመንገድ ዳር ጋሪ ገዛሁ። የኮኮናት ወተቱንና ሩሙን ከአዲስ አበባ ይዤ መጣሁ። በሁለት ጆግ አዘጋጀሁ፤ አንዱ ሩም ያለበት ለጓደኞቼ፣ ሌላው ምንም የሌለበት ለልጆች፣ ለአዛውንቶችና ለደረጀ። ይህን የምነግራችሁ እንዳትሳሳቱ ነው። ጆጎቹ አልተምታቱብኝም። ክዳናቸውም የተለያየ ነበር። ኦቦ ቶሎሳ ከንጹሑ ቀምሰው "ጋሪ ዳ፣ ልጄ፣ ጥሩ ነው፤ ደግሞ ምን ይሉታል?" አሉኝ። "ጁስ ነው አባባ" አልኳቸው፤ ለእሳቸው እውነቴን ነበር።

ምሳ ተበላ፣ ሙዚቃ ተከፈተ፣ ሰው ሊጨፍር ተነሣ። ያኔ መብራት እንደ ልማዱ ጠፋ። ሙዚቃው ቆመ፣ ጁስ መፍጫውም ቆመ፣ ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ድሮ እንዲህ ሲሆን ቤቱን የሚሞላው ደረጀ ነበር። ሁሉም ሰው ሳያስበው ወደ እሱ ዞረ። እሱ ጥግ ላይ ልጁን አቅፎ መሬት መሬት ያያል። አንዲት አክስታችን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "ይሄ ልጅ በቁሙ ሞተ እኮ" አለች። ሰማኋት። እሱም የሰማ መሰለኝ።

እኔም ሩም ካለበት ጆግ ቀዳሁለት።

ትንሽ ብትሆን ምን ታደርገዋለች፣ አንድ ቀን እንኳ ይሳቅ፣ የልጁ ቀን ነው አልኩ። አናናስ አረቄ ነው እንዴ አልኩ። ጸበሉ ይጠብቀዋል አልኩ። ሰው ክፉ ሲሠራ እንዴት አፈ ጮሌ ይሆናል? ብርጭቆውን ሰጠሁት። "ከጁስ ቤቱ ይሻላል" አለኝና ጨለጠው። ሌላ ጠየቀኝ፤ ቀዳሁለት። ለሦስተኛው ራሱ ጓዳ ድረስ መጣ፤ ቀዳሁለት።

ደረጀም ተመለሰ። ልጁን ለእናቴ ሰጣትና ተነሥቶ የረዳቱን ድምፅ አወጣ። ትራፊኩን አወጣ። ጣሊያን ሠፈር መስሏቸው ሰበታ የወረዱትን ሴትዮ አወጣ። ሰው ሆዱን ይዞ ሳቀ። ኦቦ ቶሎሳ እንባቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። እናቴ እልል አለች። ጫልቱ ፊቷ በርቶ ወደ እኔ መጣችና "እትዬ፣ ዛሬ ምን አገኘው?" አለችኝ። "የልጅ ደስታ ነዋ" አልኳት። እሷም አቀፈችኝ።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ በሕይወቴ ደስ ካለኝ ቀናት አንዱ ያ ቀን ነው። ዛሬም ሳስታውሰው መጀመሪያ የሚመጣብኝ ሳቁ ነው። ከሳቁ በኋላ ነው ያደረግሁት ትዝ የሚለኝ፣ ያኔም እፈራለሁ፤ ሳቁን ግን ልጠላው አልቻልኩም።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ደረጀ ጠዋት ሥራ ሳይገባ እኔ ቤት መጣ። ሚኒባሱን ደጅ አቁሞ በሩ ላይ ቆመ፤ ግባ ብለው አልገባም።

"እትዬ፣ የክርስትናው ዕለት ጁሱ ውስጥ የገባ ነገር ነበረበት?"

"ምን ይገባበታል?"

"እንጃ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አምሮኛል። እንቅልፍ አይወስደኝም። ያን ቀን ራሱ ሞቅ ብሎኝ ነበር መሰለኝ።"

"አናናስና ኮኮናት ነው ደሬ። አባባ ቶሎሳም የጠጡት እሱኑ ነው።"

አየኝ። ዓይኖቹ የሚለምኑ ነበሩ። ያኔ ነገር የፈለገኝ መስሎኝ ነበር፤ አሁን ግን ይገባኛል፤ አዎ እንድለው ነበር የሚለምነኝ። አንዲት አዎ ብቻ። "እርግጠኛ ነሽ?" አለኝ።

"በሞትኩት! እኔ ለአንተ?"

"እንግዲያ እኔው ነኝ" አለ። "ጁስ ጠጥቼ የምሰክር ከሆነ ጸበሉ አልያዘኝም ማለት ነው። መድኃኒት የለኝም ማለት ነው።" አልተቆጣም። ሚኒባሱን አስነሥቶ ሄደ።

ለምን ዋሸሁት? እናቴን ፈራሁ። ጫልቱን አፈርኩ። "እትዬ" ብሎ የሚያምነኝ ልጅ ከዚያ በኋላ በምን ዓይኑ ያየኛል አልኩ። ስሜን ላድን የወንድሜን ነፍስ ሰጠሁ፤ ሲጨመቅ ይኸው ነው። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል። ስንቅስ እሺ፤ ውሸቴ ግን እያደር ከበደኝ እንጂ አልቀለለኝም።

ደረጀ ወደ አረቄው ተመለሰ። ጫልቱ ወደ አባ እንሂድ ብላ ለመነችው፤ "ምን ብዬ ልንገራቸው? ሳልጠጣ ጠጣሁ ልበል?" ይላት ነበር። እኔ ይህን ሁሉ እሰማ ነበር። እየሰማሁ በየቀኑ ነገ እነግረዋለሁ እል ነበር። ሆዱ ሲነፋ እነግረዋለሁ አልኩ። ዓይኑ ቢጫ ሲሆን እነግረዋለሁ አልኩ። ሆስፒታል አልጋው አጠገብ ተቀምጬ፣ እጁን ይዤ፣ አፌን ከፍቼ ሳለሁ "እትዬ፣ አድክሜሻለሁ፣ ይቅር በይኝ" አለኝ። እሱ እኔን ይቅርታ ጠየቀኝ። እኔም "ይቅር ይበልህ" አልኩት። ሰማችሁ? ይቅር አልኩት።

ለቅሶ ላይ አባ ከድንኳኑ ጥግ ተቀምጠው ለሽማግሌዎቹ ሲናገሩ ሰማኋቸው። "ምነው መጥቶ በነገረኝ። ሰው አውቆም ሆነ ሳያውቅ ቀምሶ ግዝቱ ቢፈርስ ምን አለ? እፈታው ነበር፤ ቀኖናውን ሰጥቼው እንደገና እንጀምር ነበር።" ሻይ ያለበት ትሪ ይዤ ቆሜ ነበር። አዙሬ ወደ ጓዳ ገባሁ። ያንን ጆግ ያስቀመጥኩበት ጓዳ ነው።

በዚያው ድንኳን ውስጥ እናቴ ጫልቱ ላይ ተነሣችባት። "ልጄን ቤት አሳጥታ ወደ አረቄ ቤት የመለሰችው እሷ ናት፤ ስትነዘንዘው፣ ስትጠብቀው!" አለች ሰው ፊት። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ሲሉ ይኼ ነው። ጫልቱ ወደ እኔ አየች። ከቤተሰቡ እኔ እወዳት ነበር፣ ታውቅ ነበር፤ ትናገርልኛለች ብላ ጠበቀች። እኔ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብኩ። ሰው እያለቀስኩ መሰለው። ከአርባው በኋላ ልጇን አዝላ፣ ከሰበታ ወጥታ፣ ወደ አባቷ ወደ ሱሉልታ ሄደች። እናቴ እስከ ዛሬ ስሟን አትጠራም።

አሁንም የምሠራው እዚያው ባር ነው። ፒና ኮላዳ ሲታዘዝ እሠራለሁ፤ ሙያዬ ነው፣ ምን እሆናለሁ። ብርጭቆውን ሳስቀምጥ ግን ለእያንዳንዱ ሰው "አልኮል አለበት" እላለሁ። "እናውቃለን እኮ፣ አዘነዋል" ብለው ይስቁብኛል። እኔም እስቃለሁ። ለማያውቁኝ ሰዎች ሳልጠየቅ እናገራለሁ።

ባለፈው ለዓመት በዓል ሱሉልታ ሄጄ ነበር። በየዓመቱ እሄዳለሁ፤ በየዓመቱ ታክሲ ውስጥ ቃላቱን አዘጋጃለሁ፣ በር ላይ ስደርስ ይጠፉብኛል። ጫልቱ በደስታ ተቀበለችኝ። ሲፈን አድጋለች፤ የተማሪ ቤት አስተማሪዋን ድምፅ እያስመሰለች አሳቀችን። ሳቋ የእሱ ነው። ኦቦ ቶሎሳ ከመደባቸው ላይ ሆነው "ያንን የአናናስ ነገር ለልጅቱ ሥሪላት እንጂ" አሉኝ። ጫልቱ እጄን ያዘችና እንዲህ አለች።

"ማሎ፣ እባክሽ እትዬ፣ ክፉ እንዳይመስልሽ። አንድ ሰሞን እኔ አንቺን ጠርጥሬሽ ነበር። ያን ቀን የሆነ ነገር ጨምራበት ይሆን ብዬው ነበር ለደረጀ። እንደዚያ ቀን ተቆጥቶኝ አያውቅም። 'እትዬ አትዋሸኝም' አለኝ። 'ዓለም ሁሉ ቢዋሸኝ እትዬ አትዋሸኝም።' ይቅር በይኝ።"

ለሁለተኛ ጊዜ፣ የበደልኩት ሰው ይቅርታ ጠየቀኝ። ለሁለተኛ ጊዜም "ምንም አይደል" አልኩ። ለሲፈን አናናሱን ላጥኩላት።

ከእናንተ ይቅርታ አልጠይቅም። እናንተ የምትሰጡት አይደለም። ወደድኩት፣ ናፈቀኝ፣ ሳቁን ፈለግሁ የሚለውን ሁሉ ተናግሬአለሁ፤ አንዱም ምክንያት አይሆነኝም። በዚህ ሳምንት ሱሉልታ እሄዳለሁ። ጫልቱ ልታባርረኝ ትችላለች፣ ሲፈንን ላላያት እችላለሁ፣ እናቴም ሰምታ ልትረግመኝ ትችላለች። ከዚያ ጫልቱንና እናቴን ይዤ አባ ፊት እቆማለሁ፤ እሺ ካሉኝ። በሩ ላይ ስደርስ ቃላቱ እንዳይጠፉብኝ አንድ ጊዜ እዚህ ልበላቸው ብዬ ነው።

ደሬ፣ በር ላይ ቆመህ የጠየቅኸኝ፣ አዎ። ነበረበት። እኔ ነኝ የጨመርኩት። አንተ አልነበርክም።