ያልታሰረው የብረት ኳስ

ሲልቨር ስፕሪንግ ባለው ቤቴ ጋራዥ ውስጥ፣ ከቀለም ጣሳዎቹ ጀርባ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ የብረት ኳስ አለ። አነስ ያለ ብርቱካን ያህላል። ከሥሩ ወፍራም ብሎን አለው፤ ከመኪና ኋላ ይታሰርና ትሬይለር፣ ማለትም ተጎታች ቤት፣ ይያያዝበታል። ይህኛው ግን አንድም ቀን ታስሮ አያውቅም። አባቴ አስቀመጠው፣ እሱ ሲሞት እኔ ወረስኩት። በቀደም ብሩሽ ስፈልግ እጄ ነካው። የግራሶው ሽታ ገና አልለቀቀውም፤ ያ ሽታ ወደ አሥራ አንድ ዓመቴ መለሰኝ።

እኩዮቼ የሆናችሁ ታስታውሳላችሁ። የምንኖርበት ሕንፃ የኮሪደሩ ምንጣፍ የአምስት አገር ወጥ ይሸት ነበር። በብርዱ ወራት ላውንድሪ ክፍል ገብተን ማድረቂያ ማሽኑን ተደግፈን ጀርባችንን እናሞቃለን። ፓርኪንጉ ውስጥ «ኳስ መጫወት ክልክል ነው» የሚል ምልክት ተተክሎ ነበር፤ እሱን አንደኛውን የጎል ቋሚ አድርገን እንጫወታለን። የወላጆቻችን አፍም እኛው ነበርን። ክሊኒክ፣ ባንክ፣ ትምህርት ቤት፣ እነሱ በአማርኛ ያስባሉ፣ እኛ በእንግሊዝኛ እንናገርላቸዋለን።

አባቴ የአፓርታማ ጥገና ሠራተኛ ነበር። ቤልትስቪል የሚኖሩ አንድ አዛውንት አሜሪካዊ ማሞቂያቸውን ሁልጊዜ ስለሚጠግንላቸው፣ ጓሯቸው ውስጥ ቆሞ የከረመውን ትሬይለራቸውን ሰጡት። አሮጌ ነው፣ ግን አልጋ፣ ምድጃ፣ መስኮት አለው። እኛ እዚህ አገር ከገባን ጀምሮ መጀመሪያ በሰው ቤዝመንት፣ ማለትም ምድር ቤት፣ ኋላም ከሌላ ቤተሰብ ጋር ተጋርተን ነበር የምንኖረው። ስለዚህ ያ ትሬይለር ጎማ ይኑረው እንጂ የራሳችን የሆነ የመጀመሪያው ጣሪያ ነበር። እናቴ ሻጋታውን ፈግፍጋ ቢጫ መጋረጃ ሰፍታ ሰቀለችለት። ሁለት ሥራ ትሠራ ነበር፤ ዕረፍት ወስዳ አታውቅም። በዚያ ሰመር አንድ ሳምንት ወስዳ ባሕር ልታይ ነው። ቤታችን ውስጥ ከዚህ ሌላ ወሬ አልነበረም።

የቀረው የሚጎትተው መኪና ነበር። የአባቴ መኪና ትንሽ ናት፣ አትሞከርም። ከእኛ በታች ባለው ፎቅ ደረጀ የሚባል ወጣት ይኖር ነበር፤ አናጢ ነው፣ ጣውላ የሚያመላልስበት ፒክአፕ አለው። ሁለቱ ትሬይለሩ ሥር ተጋድመው ክብደቱ የተጻፈበትን ሰሌዳ ፈለጉ፤ ከዚያ በፒክአፑ በር ላይ ከተለጠፈው የአቅም ጽሑፍ ጋር አስተያዩት። ኳሱን ገዝቶ ለአባቴ የሰጠው ደረጀ ነው። ትሬይለሩ አፍ ላይ ያለው ቆብ የሚቀበለው ልክ ያንን ነው፤ በእጅ ይዘው ሲሞክሩት ቀጭ አለ።

«ጋሽ ወርቁ፣ መጎተትማ በሬም ይጎትታል» አለው ደረጀ። «ቁልቁለት ላይ ማን ያቆመዋል? እኛ የምንመርጠው የሚያቆመውን ነው።»

አባቴ ሳቀ። ያን ቀን እንደሳቀው ሲስቅ አይቼው አላውቅም።

ነገሩ የተበላሸው የሚካኤል ማኅበር እኛ ቤት በገባ ዕለት ነው። የማኅበሩ ሙሴ ጋሽ ታደሰ ነበሩ፤ የሚሰበስቡንም የሚያስታርቁንም እሳቸው ናቸው። ከኤርፖርት የተቀበሉን፣ አሌክሳንድሪያ በሚገኘው ቤታቸው ቤዝመንት ውስጥ ዓመት ያኖሩን እሳቸው ናቸው። ረጅም ጥቁር መኪና ነበራቸው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ራሳቸው ያጥቧታል፣ ልጅ እንዲነካት አይፈቅዱም። አንዱ ማኅበርተኛ የትሬይለሩን ወሬ ሲያነሳ ጋሽ ታደሰ ብርጭቆአቸውን አስቀመጡ።

«በምን ልታስጎትተው ነው?»

«ደረጀ በፒክአፑ ሊጎትትልኝ ነው፣ ጋሼ።»

«የኔ መኪና ምን ሆነና?»

አንዱ ነገሩን በቀልድ ሊያልፈው ፈልጎ፣ «እሷማ ሙሽራ ማመላለሻ ናት ጋሼ» አለ። የሳቀ የለም።

«ከኤርፖርት ያመጣኋችሁ በየትኛው መኪና ነው?» አሉ ጋሽ ታደሰ አባቴን እያዩ። «ያን ጊዜ ችላ ነበር?»

አባቴ በሩ አጠገብ የተቀመጠውን ደረጀን አላየውም። እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ «እንዳሉ፣ ጋሼ» አለ።

እዚህ ላይ ልቆጣ። የመኪና አቅም በውለታ አይለካም። ግን እዚያ ክፍል ውስጥ ስለ መኪና የሚያወራ ሰው አልነበረም። አባቴ እንቢ ቢል የበላበትን ወጪት ሰባሪ ሊባል ነው፤ ይህን ስም ከመሸከም ማንኛውም ሸክም ይቀልለው ነበር። ይሉኝታ ጨዋነት ነው ብለው አሳደጉን። ጨዋነትስ ነው፤ ፍሬን ግን የለውም።

የመንገዱ ቀን ጋሽ ታደሰ ሙሉ ልብስ ለብሰው መጡ። ከባምፐራቸው ላይ ኳስ አስበይደው ነበር፤ ከደረጀ ኳስ ትንሽ ያንሳል። ቆቡን ሲያለብሱት ገባ። «ገባ አይደል? በቃ» አሉ። ከዚያ የትሬይለሩ ክብደት ሲያርፍባት ያቺ ጥቁር መኪና በኋላዋ ቁጭ አለች፤ አፍንጫዋ ወደ ሰማይ ተነሳ። እኛ ልጆቹ «ውሻ! ውሻ!» ብለን ሳቅን፣ እናቴ በዓይኗ ገሠጸችን።

ጋሽ ታደሰ ማፈራቸው ፊታቸው ላይ ይታይ ነበር። «ዕቃውን ሁሉ ከትሬይለሩ ወደ ኋላ አድርጉት፣ ይስተካከላል» አሉ። አባቴ የውሃውን፣ የለስላሳውን፣ የከሰሉን ካርቶን እየተሸከመ ወደ ጅራቱ ወሰደ። እውነትም መኪናዋ ቀና አለች። ጎረቤቱ አጨበጨበ። «አያችሁ?» አሉ ጋሽ ታደሰ።

ደረጀ ብቻ አላጨበጨበም። ጠጋ ብሎ በቀስታ «ጋሽ ታደሰ፣ ከኋላ ከከበደ መንገድ ላይ ጅራቱን ይቆላል። አፍንጫው ነው መክበድ ያለበት» አላቸው።

«አንተ ሳትወለድ ነው መንዳት የጀመርኩት፣ ልጄ።»

ደረጀ አባቴን አየው። አባቴ የጫማውን ማሰሪያ ያጠብቅ ጀመር።

ቤልትዌይ ላይ፣ ከተማውን የሚዞረው አውራ ጎዳና ላይ፣ እስክንወጣ ደህና ነበርን። ጋሽ ታደሰ ይነዳሉ፤ አባቴ ከጎናቸው፣ እናቴ፣ እህቴና እኔ ከኋላ ነን። ወደ አሌክሳንድሪያ የሚያሻግረው ድልድይ ጋ ስንቃረብ መንገዱ ማዘቅዘቅ ጀመረ። አንድ ትልቅ የጭነት መኪና በጎናችን አለፈ፤ የነፋሱ ግፊት ነካን። መጀመሪያ አንድ ሰው ከኋላ በቀስታ የሚወዘውዘን መሰለኝ። ቀጥሎ ውዝወዛው እየሰፋ ሄደ። አባቴ «ፍሬን አይንኩ ጋሼ፣ ቀስ እያሉ ነዳጁን ይልቀቁ» አለ። ጋሽ ታደሰ ደንግጠው ፍሬኑን ረገጡት። ትሬይለሩ ከኳሱ ላይ ዘለለ፣ መጠባበቂያ ሰንሰለቱ ተበጠሰ፣ የመንገዱን ዳር ግንብ እየፋቀ ሄዶ በጎኑ ተጋደመ። መኪናዋ ዞራ ቆመች። ሰው አልተጎዳም፤ ለዚህ እግዚአብሔር ይመስገን። ቢጫው መጋረጃ ከመስኮቱ ወጥቶ አስፋልቱ ላይ ይርገበገብ ነበር።

ፖሊሱ መጀመሪያ የጠየቀው ጋሽ ታደሰን ነው። እንግሊዝኛቸው ከሁላችንም የተሻለ ነበር፤ ያን ዕለት ግን አልመጣላቸውም። ወደ አባቴ አዩ። ፖሊሱም ወደ አባቴ ዞረና ማን እንዳሰረው፣ ማን እንደጫነው ጠየቀ። እኔ ተረጎምኩ።

«ያሰርኩትም የጫንኩትም እኔ ነኝ በለው» አለኝ አባቴ።

«አባዬ፣ እሳቸው ናቸው እኮ ወደ ኋላ—»

«ያልኩህን በል።»

አልኩ። ጋሽ ታደሰ ሁለቱንም ቋንቋ አጠገቤ ቆመው ሰሙ። እናቴ መጋረጃውን ከመንገዱ አንስታ እንደ ነጠላ አጠፈችው። ባሕሩን ያየችው ከስንት ዓመት በኋላ ነው፣ ከማኅበሩ ጋር በአውቶብስ። ትንሽ ቆማ አየችውና «ይኸው ነው እንዴ?» ብላ ተመለሰች።

ደረጀ ከዚያ በኋላ ቤታችን አልመጣም፤ ቆይቶ ወደ ሎረል ሄደ አሉ። ጋሽ ታደሰ ግን መጡ። በየማኅበሩ ታሪኩ ሲነሳ ይሰማሉ፣ አያርሙም። እንዲያውም ውሎ አድሮ እሳቸውም አመኑት መሰለኝ። አባቴ በሞተ በአርባው ቀን፣ ከዘራቸውን ተደግፈው፣ ለተሰበሰበው ሰው «ወርቁ ደግ ሰው ነበር። ዕቃ መጫን ብቻ ነው የማይችልበት» አሉ። ሰው ሳቀ። እኔ ያን ጊዜ ውሃ እየቀዳሁላቸው ነበር። ሞልቼ ቀዳሁላቸው።

እኔ ኮሌጅ የሚባል ደጃፍ አልረገጥኩም። የማውቀውን ያወቅሁት በራሴ ነው፤ ይህን የምጽፍበትን አማርኛ ጭምር። መጀመሪያ ከላይብረሪ የተዋስኩት መጽሐፍ ስለ መጎተት ነበር። ለምን ትሬይለር ጅራቱን እንደሚቆላ፣ አፍንጫው ለምን መክበድ እንዳለበት፣ ሰንሰለት ለምን ከሥር እንደሚጠላለፍ ተማርኩ። ልጄን ሃናንም እንደ ዳዊት አስደገምኳት። ጨካኝ አባት ነበርኩ ትላለች። ነበርኩ።

ዘንድሮ ሃናና ባሏ ትሬይለር ገዙ። የሚኖሩት አሌክሳንድሪያ ነው፣ ከዚያ ድልድይ ማዶ። የሚጎትተውን መኪና እየመረጡ መሆኑን ስሰማ የኔን ወስጄላት ሄድኩ። ትልቅ ናት፣ አጥቤያታለሁ። ሃና በሩን ከፍታ የተለጠፈውን በስልኳ መብራት አነበበች። ከዚያ ዘጋችው።

«ኖ፣ ዳድ። ፑል ማድረጉን ፑል ታደርጋለች። ስቶፕ አታደርግም።»

«የኔ መኪና ምን ሆነና?» አልኳት።

ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የማን እንደሆነ ያወቅሁት። ሆኖም አልመለስኩትም። ሳምንት ሙሉ አልደወልኩላትም። ልክ መሆኗን እያወቅሁ፣ ራሴ ያስተማርኳት መሆኑን እያወቅሁ ነው። ጋሽ ታደሰን ስንት ዓመት ስጠላቸው ኖሬ፣ ምን እንደተሰማቸው ያወቅሁት በዚያ ሳምንት ነው። ይህ ይቅርታ አይደለም። ማወቅ ብቻ ነው።

የሚሄዱ ቀን ኳሱን ይዤ ሄድኩ። የተከራዩት ፒክአፕ ተዘጋጅቶ ቆሟል። ሃና ጨርቁን ገለጠች፣ ብረቱ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር አነበበች።

«መጠኑ ልክ ነው። ግን ብሎኑ ዝጓል፣ ዳድ። ልጆቼን ይዤ በዚህ አልጎትትም።»

መልሳ እጄ ላይ አስቀመጠችው። አባቴ «እንቢ» የምትለዋን አንድ ቃል ሳይናገራት ሞተ። ልጄ ቁርስ ሳትቀምስ ትናገራታለች። ያኔ አክብረን ከሰርን፤ ዛሬ ሳያከብሩን በደህና ይገባሉ። የሚሻለው የቱ እንደሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም ያማል።

ፒክአፑ ሲወጣ ኋላው አልሰመጠም፣ አፍንጫው አልተነሳም። እስኪታጠፉ ድረስ ከኋላ አየሁት፤ ትሬይለሩ ቀጥ ብሎ ይሄድ ነበር። ከዚያ ኳሱን በጨርቁ ጠቅልዬ ወደ ቤቴ ተመለስኩ፤ ከቀለም ጣሳዎቹ ጀርባ አስቀመጥኩት። ግራሶው ከጣቴ አልለቅ ብሎ ማታ በሳሙና ደጋግሜ ታጠብኩ።