ወይዘሮ ዓይናለም የሰጡት ምክር

ስብሰባ አልወድም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ስለ ሠራተኞች ምክር ቤት የሚጽፍ ሰው ሁሉ ስብሰባ የሚናፍቀው እንዳይመስላችሁ ነው። ዳንግላ ከተማ ዳር ባለው ዩኒቨርሲቲያችን ስታቲስቲክስ አስተምራለሁ። የትምህርት ክፍሌ ሰዎች ወደ ምክር ቤቱ የመረጡኝ በዚያን ቀን ቀርቼ ስለነበር ነው። በእኛ ዘንድ የቀረ ሰው ይመረጣል። ምክር ቤቱ ደግሞ የጸሐፊነቱን ሥራ እኔ ላይ ጣለው።

ወይዘሮ ዓይናለምን ያወቅኋቸው እዚያ ነው። የተማሪዎች ምግብ ቤት ወጥ ሠሪ ናቸው። ጥበቃው፣ ጽዳቱ፣ አትክልተኛውና ወጥ ቤቱ በሙሉ ወኪላችን ብለው ልከዋቸዋል። አጠር ያሉ፣ ድምፃቸው ወፍራም፣ ሲናደዱ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ጠበቅ የሚያደርጉ ሴት ናቸው። ነጠላው ከጠበቀ የስብሰባው ሰው ሁሉ ዝም ይላል።

ምክር ቤት ሲባል ትልቅ ነገር ይመስላል። የእኛው አንዲት ጠባብ ክፍልና እግሩ የሚወዛወዝ ጠረጴዛ ነው። አይሾምም፣ አይሽርም፣ በጀት አያዝም። የሠራተኛውን ነገር ለአስተዳደሩ ያደርሳል፣ መልሱን ለሠራተኛው ያመጣል፣ የተከሰሰ ሠራተኛም ብቻውን እንዳይቆም አጠገቡ ይቀመጣል። ሌሎቻችን ይህን በወር አንድ ቀን ስንሠራው፣ ወይዘሮ ዓይናለም በየቀኑ በእግራቸው ሠሩት። የአትክልተኞቹ ቦት ጫማ እስኪገዛ ድረስ የግዥ ክፍሉን ደጅ ሳይሳለሙ የዋሉበት ቀን የለም። በአማርኛ ስብሰባ ላይ አፋቸው የሚተሳሰርባቸውን የጽዳት ሴቶች አስቀድመው ደጅ ላይ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው በአውንጊ ያወያዩና ነገራቸውን ይዘውላቸው ይገባሉ። አንዲት ባልደረባቸው እንጅባራ ሆስፒታል በተኛች ጊዜ ከሥራ ሲወጡ በሚኒባስ እየሄዱ አስታመዋታል። ሠራተኛው «እታለም» ነው የሚላቸው፣ እንደ ታላቅ እኅት።

የሰው ጠብ ወደ እሳቸው ሲመጣ ግን መፍቻቸው አንድ ብቻ ነበር፤ ሽምግልና። ታናሽ የሆነው ወገን ተነሥቶ ጎንበስ ይልና «አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በሉኝ» ይላል። ጥፋቱ የእሱ ባይሆንም ይላል። ምክንያት አይደረድርም፤ ምክንያት የደረደረ ሰው ይቅርታ እንደጠየቀ አይቆጠርም። ታላቁም «ይቅር ብያለሁ» ይላል። ከዚያ ወዲያ ማን አጠፋ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ወይዘሮ ዓይናለም በዚህ መንገድ ወጥ ቤቱን ከግምጃ ቤቱ፣ ሾፌሮቹን ከስምሪት ክፍሉ አስታርቀዋል። እኔንም ራሴን ከአንድ ባልደረባዬ ጋር ስኮራረፍ ጎንበስ አስብለውኛል። በጣም ነበር የተናደድሁት፤ ግን ታረቅን።

ከግቢያችን በስተኋላ መንደር አለ። ግቢው ሳይታጠር በፊት የመንደሩ ሰው ቤተ ክርስቲያን የሚሄደው ዛሬ እኛ በምናስተምርበት መሬት ላይ አቋርጦ ነበር። አጥሩ ሲሠራ የኋላ በር ተተወላቸው። ጊዜው እየከፋ ሲመጣ እሱም ተቆለፈ፤ ያለ ጥበቃ ኃላፊው ፈቃድ እንዳይከፈትም ትእዛዝ ወጣ። ኃላፊው አቶ እንዳልካቸው ክፉ ሰው አይደሉም። በዚያ ሰሞን በእሳቸው ቦታ ማንም ቢሆን ይቆልፍ ነበር።

ባለፈው ዓመት በሐምሌ የዚያ በር ተረኛ አያ ገበየሁ ነበሩ። ጡረታ ለመውጣት ጥቂት የቀራቸው፣ ዝምተኛ፣ የዚያው መንደር ሰው ናቸው። በመንደሩ ምህረቴ የምትባል ወጣት በወሊድ ሞተች። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በዙሪያ የሚወስደው መንገድ ወንዝ ያሻግራል፣ ወንዙ ደግሞ በዚያ ሳምንት ሞልቶ ሰው አያሳልፍም። ለቀስተኛው ቃሬዛዋን ተሸክሞ በዝናብ ከአጥሩ ሥር መጥቶ ቆመ። እኔ ያደግሁት ከተማ ውስጥ በጴንጤ ቤት ነው፤ የፍትሐቱን ሥርዓት አላውቅም። ከቤት የወጣ አስከሬን ወደ ኋላ እንደማይመለስ ግን እኔም አውቃለሁ። አያ ገበየሁ በሩን ከፈቱ።

በማግሥቱ ከሥራ ታገዱ። ትእዛዝ ጥሰዋል ተብለው ለዲሲፕሊን ኮሚቴ ቀረቡ። ከሥራ መባረር ይመጣ ይሆናል እየተባለ ይወራ ጀመር። በዚያ ዕድሜ የተባረረ ጥበቃ ማን ይቀጥረዋል?

ወይዘሮ ዓይናለም ምክር ቤቱን ወክለው አብረዋቸው ሊቀመጡ ሄዱ። ከመግባታቸው በፊት ኮሪደሩ ላይ ሲመክሯቸው ሰምቻለሁ።

«አያ ገበየሁ፣ ከሰዎቹ ጋር አይከራከሩ። ተነሥተው አጥፍቻለሁ ይበሉ። ምክንያት አያብዙ። ሲያጎነብሱ ያዩዎታል፣ ሰዎች ናቸው፣ ልባቸው ይራራል።»

«እሺ» አሉ አያ ገበየሁ።

እንደተመከሩትም አደረጉ። ባርኔጣቸውን አውልቀው ተነሡ፣ ጎንበስ አሉ፣ «አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በሉኝ» አሉ። ወይዘሮ ዓይናለም የታላቁን ወገን ቃል ጠበቁ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ግን «ተከሳሹ ጥፋታቸውን አምነዋል፤ ስለዚህ ምስክር መስማት አያስፈልግም» ብለው ወደሚቀጥለው ጉዳይ አለፉ። ወይዘሮ ዓይናለም ከዚያ ክፍል የወጡት ግራ ተጋብተው ነው። «ይቅር ብያለሁ የሚል ሰው እኮ አልነበረም፣ መምህር ዮናዳብ» አሉኝ። ውሳኔው ብዙ አልቆየም። አያ ገበየሁ ተባረሩ።

ተናደድሁ። በኮሚቴው ተናደድሁ፣ በእሳቸውም ተናደድሁ፣ ልናገራቸውም አስቤ ነበር። የበለጠውን ነገር የተናገሩት ግን አያ ገበየሁ ሆኑ። ውሳኔው በተነገራቸው ማግሥት ወደ ምክር ቤቱ ክፍል መጡና ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ሳል ጀምሯቸው ነበር።

«አንቺ ዓይናለም፣ እኔ እኮ ደውዬ ነበር» አሉ።

«ለማን?»

«ለእንዳልካቸው ነዋ። ቃሬዛው ደጅ ቆሞ ደጋግሜ ደወልሁ። ኔትወርክ የለም። ሬሳ በዝናብ እስከ መቼ ላቁም? ከፈትሁ።»

«ታዲያ ለኮሚቴው ለምን አልተናገሩም?»

«ምክንያት አያብዙ አልሽኛ!»

ይህን ያሉት ለወቀሳ አልነበረም። እንደ ተራ ነገር ነው የተናገሩት። ወይዘሮ ዓይናለም ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ። አያ ገበየሁ ከወጡ በኋላ ላጽናናቸው ብዬ «እርስዎ እኮ በመልካም አስበው ነው» አልኋቸው።

«መልካም አሳቤን ምን ላድርገው? ለቤተሰባቸው ልጋግረው?» ብለው ጮኹብኝ። እውነታቸውን ነበር።

ይግባኝ ጠየቅን። ወይዘሮ ዓይናለም በይግባኝ ሰሚው ጉባኤ ፊት የራሳቸውን ስሕተት ሊናገሩ እንደሆነ ሲገልጹ ከምክር ቤታችን ተቃውሞ ተነሣ። «ወኪላችን አሳሳትሁት ካለች ነገ ማን ያምነናል? ሌላ መከራከሪያ እንፈልግ» ተባለ። ነጠላው ጠበቀ።

«እኔ ስሜን ልጠብቅ ሰውዬው ይባረሩ? ወኪል ማለት ይህ ከሆነ ሌላ ሰው ምረጡ!»

ተቃውሞው በዚያው ቀረ።

ይግባኙን የሰማው ጉባኤ ሰብሳቢ ዶክተር ትዕግስት፣ ጥቂት የሚናገሩ፣ ብዙ የሚጠይቁ ሴት ናቸው። አቶ እንዳልካቸውም ተጠርተው መጥተዋል። ወይዘሮ ዓይናለም ተነሡ። ወጥ ቤት የሚያዝዝበት ድምፃቸው በዚያን ቀን ቀጥኖ ነበር።

«ባለፈው ጊዜ አያ ገበየሁ የተናገሩት ቃል የእሳቸው አይደለም፤ የእኔ ነው። እንዲህ ይበሉ ያልኋቸው እኔ ነኝ። እዚህ ቤት እንደ ሽምግልና የሚታይ መስሎኝ ነው። እሳቸው የሚናገሩት ነበራቸው፤ አፋቸውን የዘጋሁት እኔ ነኝ። ቅጣት ካለ ለእኔ ይሁን፣ እሳቸውን ግን እንደ አዲስ ስሟቸው።»

ዶክተር ትዕግስት ወደ አያ ገበየሁ ዞሩ። አያ ገበየሁ የወንዙን መሙላት፣ የዝናቡን ነገር፣ የደወሉትን ስልክ ተናገሩ። አቶ እንዳልካቸው ጉሮሯቸውን ጠረጉና «እውነት ነው፤ በዚያን ቀን በመላው ዳንግላ ኔትወርክ አልነበረም። ይህን ማንም አልጠየቀኝም» አሉ። በልቤ እፎይ አልሁ።

ጉዳዩ ግን በዚህ አላበቃም። ዶክተር ትዕግስት አንድ ጥያቄ ጨመሩ።

«አያ ገበየሁ፣ ወደ ሥራዎ ቢመለሱና ነገ ሌላ ቃሬዛ ቢመጣ፣ ስልክም ባይሠራ፣ ይከፍታሉ?»

ምን መመለስ እንዳለባቸው በክፍሉ ውስጥ ያልገባው ሰው አልነበረም። «አልከፍትም» ቢሉ ጉዳዩ ያልቃል፣ ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። አያ ገበየሁ እንደ ልማዳቸው ወደ ወይዘሮ ዓይናለም አዩ። ምክር የሚጠብቁ ዓይኖች ነበሩ። ወይዘሮ ዓይናለም ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ። ከዚያ አንገታቸውን ደፉና እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ሲጨንቃቸው ያየሁት ያን ጊዜ ነው፤ ዝም ማለት እንዲህ የሚከብድ ሥራ መሆኑን አላውቅም ነበር።

አያ ገበየሁ ዓይናቸውን ወደ ሰብሳቢዋ መለሱ።

«እከፍታለሁ» አሉ። «ልዋሻችሁ? እከፍታለሁ። የእኔም ሬሳ የሚያልፈው በዚያው በር ነው።»

ጉባኤው ለሁለት ሳምንት ያህል አቆየን። ወይዘሮ ዓይናለም በእነዚያ ቀናት የሠሩትን ወጥ ተማሪዎቹ እስከ ዛሬ ይረግሙታል፤ አንድ ቀን ጨው የለው፣ አንድ ቀን ጨው ብቻ። በመጨረሻ ውሳኔው መጣ። አያ ገበየሁ በማስጠንቀቂያ ወደ ሥራቸው ይመለሱ ተባለ። ምክር ቤቱ ባቀረበው አሳብ መሠረትም ቃሬዛ ሲመጣ ተረኛው ጥበቃ በሩን ከፍቶ እንዲያሳልፍ፣ ለኃላፊው ኋላ እንዲያሳውቅ ተፈቀደ። ያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ ስብሰባ ላይ በመዋሌ ደስ አለኝ።

አንድ ነገር ግን ቀረ። ወይዘሮ ዓይናለም ይቅርታ ሊጠይቁ በየጊዜው ወደ በሩ ይሄዳሉ። ጎንበስ ሊሉ ሲሉ ግን አያ ገበየሁ ክንዳቸውን ይዘው ያቃኗቸዋል። «ምን አጥፍተሽ? ሂጂ፣ ወጥሽ እንዳያርርብሽ» ይላሉ። «ይቅር ብያለሁ» የሚለውን ቃል ግን አላሉም። ጥፋት አለ ብለው ስላላመኑ ነው። ለእሳቸው ያለፈ ነገር ነበር፣ ለወይዘሮ ዓይናለም ግን አላለፈም። «ቃሉን ከአፋቸው ካልሰማሁ አያርፍልኝም» ይሉኝ ነበር።

የአያ ገበየሁ ሳል እየበረታ ሄደ። አያ ገበየሁ በዚህ ዓመት ሰኔ ውስጥ፣ ጡረታቸውን ሳያዩ፣ ዐረፉ።

ለቀብሩ ከወይዘሮ ዓይናለም ጋር በጋሪ ወደ መንደሩ ሄድን። ወንዙ ሞልቷል። ቃሬዛው ተነሣና ወደ አጥሩ አቀናን። በሩ ላይ የቆመው አዲስ ጥበቃ፣ በቅርቡ ከአዘና ከተማ መጥቶ የተቀጠረ ሰው፣ ሕዝቡን ሲያይ ደነገጠ። አዲሱ መመሪያ ተነግሮታል፤ ግን አላመነውም። «ትንሽ ቆዩ፣ ኃላፊውን ልጠይቅ» ብሎ ስልኩን አወጣና ደወለ።

ስልኩ ከለቀስተኛው መካከል ጮኸ። ሁላችንም ዞር አልን። አቶ እንዳልካቸው ኮታቸው በዝናብ ርሶ፣ የቃሬዛውን የፊት እጀታ ትከሻቸው ላይ ተሸክመው ቆመዋል። ስልኩ በደረት ኪሳቸው ውስጥ ይጮኻል፤ ሊያነሡት እጅ አልነበራቸውም።

«ክፈት» አሉ በአጥሩ በኩል። «እኔ ነኝ፤ ክፈት።»

በሩ ተከፈተ። ቃሬዛው ከመግባቱ በፊት ወይዘሮ ዓይናለም ሰዉን ገፋ ገፋ አድርገው ወደ ፊት ወጡ። ተሸካሚዎቹ ምን ሊያደርጉ ነው ብለው ቆሙ። ወይዘሮ ዓይናለም በጭቃው ላይ ጎንበስ አሉ።

«አያ ገበየሁ፣ አጥፍቻለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ» አሉ። ምክንያት አልጨመሩም።

መልስ የሚሰጥ ሰው አልነበረም። እሳቸውም ቀና አላሉም። በእኛ አገር ቃሉን ሳይሰማ ቀና የሚል የለም። ያን ጊዜ የአያ ገበየሁ ባለቤት፣ ወይዘሮ በቀለች፣ ከሴቶቹ መካከል ወጡና ክንዳቸውን ይዘው አቃኗቸው። ባላቸው ያደርጉት እንደነበረው አድርገው ያዟቸው።

«ይቅር ብሎሻል፣ እኅቴ» አሉ። «ተነሺ፣ እናሳልፈው።»