አብሮኝ የታሰረው ፊውዝ

ከጋሸና በጭነት መኪና አምጥተው የዘጉብኝ ክፍል ድሮ የዘር መጋዘን ነበር፤ ግድግዳው ገና ገብስ ገብስ ይሸታል። በሩ ሊዘጋ ሲል አንዱ ፖሊስ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር በሁለት እጁ ይዞ መጣ። “እንካ፣ ይኼንንም ያዝ” ብሎ አስታቀፈኝ። የተያዝኩበት ማስረጃ ነበር።

የአውሮፕላን ቦምብ ፊውዝ ነው፤ ቦምቡ አፍንጫ ላይ ገብቶ የሚያፈነዳው። ጭብጥ የሚሞላ ነሐስ ሲሆን ጫፉ ላይ ትንሽ ሽክርክሪት አለችው። ቦምቡ ሲወርድ ነፋሱ እሷን እያዞረ ፊውዙን ያቀባብላል። በደርግ ጊዜ እኛ ቀበሌ ላይ የወደቀው ቦምብ ግን ሳይፈነዳ ቀረ። የተጣለው ገደላችን ውስጥ በተደበቁት ታጋዮች ላይ ነበር። ከእነሱው አንዱ ፈንጂ አምካኝ ፈታቶ ባዶ አደረገው። የቤተ ክርስቲያናችን የድንጋይ ደወል ተሰንጥቆ ስለነበር የቦምቡ ቀፎ በምትኩ ደወል ሆነ። ባዶውን ፊውዝ የነፍስ አባቴ ለእኔ ሰጡኝ፤ የተማሪዎቼን የፈተና ወረቀት ነፋስ እንዳይወስድብኝ እጭነው ነበር።

እነዚያ ታጋዮች ሹም ሆኑ። እኔ በምርጫው ለተቃዋሚ ታዛቢ ሆኜ ብቆም ቤቴ ተፈተሸ። በእነሱ ላይ የተጣለው ቦምብ ዞሮ በእኔ ላይ ማስረጃ ሆነ። ሀፍረት የሚባል አልፈጠረባቸውም።

“ፊውዙን ለምንድን ነው እኛ ጋ የሚያሳድሩት?” አልኩት አብሮኝ የታሰረውን ገበሬ።

“ፈርተው ነዋ መምህር! ቢፈነዳ እነዚህን ይብላ ብለው።”

ሳቅን። በላስታ ብርድ ንቀትም ያሞቃል።

ረፋድ ላይ አዛዡ አስጠራኝ። ፊውዙን ራሴ ተሸክሜ ሄድኩ፤ ፖሊሶቹ ራቅ ብለው ተከተሉኝ። አዛዡ ወረቀት ገፋ አደረገልኝ።

“ፊውዙ የሚሠራ ነው፤ የሰጡህም ቄሱ ናቸው። ይኼን ብለህ ፈርምና ቤትህ ግባ።”

ብፈርም እኔ እወጣለሁ፤ ሰማንያ ያለፋቸው የነፍስ አባቴ በእኔ ቦታ ይገባሉ።

“ባዶ ነው” አልኩ። “ባዶ ያደረገው የእናንተው ሰው ነው።”

“አትቀባጥር! ይኼ ቀበሌ ያጠፋል!”

“ታዲያ ለምን እኛ ጋ አሳደራችሁት?”

 ፊውዙን ወረቀቱ ላይ አስቀመጥኩና ሽክርክሪቷን እፍ አልኳት። ዞረች። አዛዡ ወንበሩን ገልብጦ ሮጠ፤ ፖሊሶቹማ ቀድመውት ወጥተዋል። ቆቡ ወለሉ ላይ ወድቆ ቀረ። አነሳሁት፤ አቧራውን አራገፍኩና ጠረጴዛው ላይ አኖርኩለት። ከዚያ እስኪመለሱ ቁጭ ብዬ ጠበቅኋቸው።

ስለ ዱላው አላወራም፤ የፈሪ ዱላ መቼም ይበዛል። አልፈረምኩም። ከወራት በኋላ “በስህተት ነው” ብለው ለቀቁኝ፤ ፊውዙን ግን አልመለሱልኝም።

ዛሬ ሥልጣናቸው አልፏል። ይቅር በላቸው የሚሉኝ አሉ። ይቅር ብያለሁ፤ ማክበር ግን አልሆነልኝም። የነፍስ አባቴ በገዛ መደባቸው ላይ አረፉ። ሞታቸውን ለአገሩ ያረዳው ያ ቦምብ ነው፤ የደወልኩትም እኔው ነኝ።