ሽንፈት የሚመኝ ከዚህ አይበላም

ዋንዳ ስታሾቪያክ ሠላሳ አንድ ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነድታ ጡረታ የወጣች ሴት ናት። ድምፅዋ ዛሬም እስከ ኋላ ወንበር ይሰማል። ቡድናችን «መልሕቆች» በሜዳው በተጫወተ ቁጥር፣ ከስታዲየሙ ፊት ለፊት ባለው የመኪና ማቆሚያ፣ አራተኛው ረድፍ ላይ ከሰል የምታቀጣጥለው እሷ ናት። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እዚያው ቦታ። ሌሎቻችን ቢራውንም ድንች ሰላጣውንም ይዘን እንመጣለን፤ ቋሊማው ግን የዋንዳ ነው። በእኛ ረድፍ ሳህን መዘርጋት ነው እንጂ ማስፈቀድ የለም።

ባለፈው ጥር፣ በውድድሩ የመጨረሻ እሑድ፣ ይህ ልማድ ተሻረ። ነገሩ ከሥሩ ካልተያዘ የዋንዳ ቁጣ አይገባምና ከሥሩ ልጀምር።

በእኛ በአሜሪካው ፉትቦል፣ ኳሷ በእጅ በምትወረወርበት፣ ቡድኖች ከኮሌጅ የሚወጡትን ልጆች በየዓመቱ በተራ ይመርጣሉ። ተራው የተገላቢጦሽ ነው፤ በውጤት ጭራ የሆነው መጀመሪያ ይመርጣል። ደካማው እንዲያገግም ታስቦ የወጣ ሕግ ነው፤ እኔ በጣም እወደዋለሁ። ግን ደግ ሕግ ብልጣብልጥ አያጣም። ዓመቱ ከተበላሸ አይቀር ጨርሶ ይበላሽልን የሚል ስሌት መጣ። ያን ጊዜ ከአሥራ ስድስት ጨዋታ ሁለት ብቻ አሸንፈናል። የመጨረሻውን ከተሸነፍን አንደኛ መራጭ እንሆናለን፤ ካሸነፍን ሦስተኛ። አንደኛ የሚሆነው ደግሞ ዴሻን ማርቤሪ የተባለውን ድንቅ ኳስ ወርዋሪ እንደሚወስድ ያልሰማ የለም። እኔ ራሴ አንደኛ ተመርጠው ገናና የሆኑትን ሁሉ በወረቀት ጽፌ ኪሴ ይዤ ነበር።

ችግሩ ኮልቢ ነው። ኮልቢ የዋንዳ ልጅ ነው፤ ማንም ሳይመርጠው በሙከራ ወደ መልሕቆች ገብቶ አምስት ዓመት የተጠባባቂ ወንበር ሲያሞቅ ኖሯል። ሥራው ጎንበስ ብሎ ኳሷን በእግሮቹ መሐል ለወርዋሪው ማቀበል፣ ከዚያ ወዲያው ቀና ብሎ ወርዋሪውን ሊጥሉ የሚመጡትን ግዙፎች መግታት ነው። ያን እሑድ ቋሚው ተጎድቶ ኮልቢ ሊሰለፍ ነው። ውሉ እያለቀ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት መጫወት አለመጫወቱ በዚያች አንድ ጨዋታ ፊልም ይወሰናል።

ጎረቤታችን ሩፐስ ዴልክ፣ ወለል አንጣፊው፣ ጀርባው ላይ «ማርቤሪ» የተጻፈበት የመልሕቆች ማሊያ ለብሶ መጣ። ገና ያልተመረጠ ልጅ ስም! ጠርሙሱን ከፍ አደረገ።

«ለመጨረሻዋ ሽንፈታችን!»

«ለሽንፈታችን!» ብሎ ረድፉ ተቀበለ።

ዋንዳ መቆንጠጫዋን እንደያዘች ዞረች። «ምን አልክ አንተ?»

«ዋንዲዬ፣ ኮልቢን አይደለም እኮ! እሱ አሪፍ ይጫወት፤ ቡድኑ ብቻ ይሸነፍ።»

«እንዴት አድርጎ? እስቲ መላውን አስረዳኝ።»

«ለነገ ብዬ ነው። ዛሬን ሰጥተን ነገን እንውሰድ።»

«የምትሰጠው የሰው ዛሬ ነዋ! አንተ የሰው ቤት ስትገባ፣ ከኔ በኋላ ጎበዝ አንጣፊ ይምጣላቸው ብለህ ሸክላውን አጣመህ ታነጥፋለህ?»

ረድፉ ሳቀ። ሩፐስ ፊቱ ቀላ።

«ደግሞ ስማ» አለችው፤ «ያ ጀርባህ ላይ ያዘልከው ልጅ ሲመጣ ከፊቱ ማን ሊቆምለት ነው? ገለል ማለት የለመደ ሰው? መስከረም ቢጀምር ጉልበቱ እስከ ጥቅምት አይደርስልህም!»

የመጥበሻውን ክዳን ጓ አድርጋ ዘጋችው። «ዛሬ ሽንፈት የሚመኝ ከዚህ አይበላም!»

«እማማ ዋንዳ፣ እኔ አቻ ነው የምመኘው» አለ አንዱ ከኋላ። «ግማሽ ቋሊማ ይስጡኝ።»

«ግማሽ ጥፊ ልስጥህ?»

እኔ ወረቀቴን ኪሴ ውስጥ ጨምድጄ ሳህኔን ዘረጋሁ። ዓይኗን ሳላይ በላሁ።

ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ሰከንድ ሲቀረው በአራት ነጥብ እየተመራን ነበር። ኳሷን ይዘው ከተሻገሩት ስድስት ነጥብ ከሚያስገኘው መስመር አንድ እርምጃ ላይ፣ የመጨረሻ ሙከራ ቀረችን። ኮልቢ ኳሷን አቀበለና ፊቱ የቆመውን የመቶ ሃምሳ ኪሎ ሰውዬ ጭቃ እንደያዘው መኪና ገፋው፣ ገፋው። ኳሷን የያዘው ልጅ በከፈተለት በኩል ገባ። አሸነፍን።

ከዚያ የሆነውን ባስታወስኩ ቁጥር ደሜ ይፈላል። የገዛ ደጋፊያችን በገዛ ልጆቹ ላይ ጮኸ! ስላሸነፉ ተሰደቡ! ዋንዳ ብቻዋን ቆማ ታጨበጭባለች። እስቲ አስቡት፤ ተጫዋቹ ሆን ብሎ ቢሸነፍ የሚያመጣው የገዛ ቦታውን የሚነጥቀውን ሰው ነው። አሰልጣኙ ከተሸነፈ ምርጫው ሳይደርስ ይባረራል። ታዲያ ማን ነው የሚሸነፈው? የኔ ወረቀትስ ቢሆን? ያልጻፍኳቸው ነበሩ፤ አንደኛ ተመርጠው በአራት ዓመት ስማቸው የጠፋ። እነሱን ለመቁጠር አልፈለግሁም ነበር።

መጋቢት ላይ ቡድኑ «አዲስ ግንባታ» ብሎ ኮልቢን አሰናበተው። በሳምንቱ የሦስት ሰዓት መንገድ ከሚርቅ ከተማ ተደወለለት። «ያቺን የመጨረሻ ኳስ አይተናታል» አሉት፤ የሁለት ዓመት ውል። ማርቤሪ ሌላ ቡድን ሄደ።

መስከረም ላይ የዋንዳ ቦታ ባዶ ነበር፤ ልጇን ተከትላ ሄዳለች። ሩፐስ ማሊያውን ገልብጦ ለብሶ ሊጠብስ ሞከረ፤ ውጪው ከሰል፣ ውስጡ ጥሬ። ስልክ ደወልንላት፤ ድምፅዋ ረድፉን ሞላው።

«አዲሱ ሰፈር እንዴት ነው ዋንዲዬ?» አላት ሩፐስ።

«ደህና ነው። ከሰሉን ከመለኮሴ በፊት ግን አንድ በአንድ ጠየቅኋቸው።»

«ምን ብለሽ?»

«አንተ ታውቀዋለህ» አለችው፤ ክዳኑ ሲከፈት በስልኩ ሰማን።