ከጣቢያ የማይወጣ ባቡር

ልጄ ዱራሜ ነው የምታስተምረው። ባለፈው ለእረፍት ሆሳዕና ስትመጣ ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቅና፣ «አባዬ፣ አንተን የመሰለ ባቡር አገኘሁልህ» አለችኝ።

የድሮ የአሜሪካ የእንፋሎት ባቡሮች ናቸው። አገር አቋርጠው ጭነት ሲጎትቱ ኖረው፣ አዳዲሶቹ ሲመጡ ከፊት ያሏቸውን ትንንሽ ጎማዎች አውልቀው ጣቢያ ውስጥ ፉርጎ መግፊያ አደረጓቸው። «ክብደታቸው ሁሉ በሚጎትቱት ጎማዎች ላይ ስላረፈ እኮ ጉልበታቸው ጨመረ» አለች ልታጽናናኝ። እኔ ጉልበት መቼ ጠየቅሁ? መንገድ ነው የተቀማሁት።

ሃያ ዓመት ያህል ከሆሳዕና አዲስ አበባ አውቶቡስ ነዳሁ። ዓይኔ ሩቅ ማየት ሲያቅተው፣ የአውቶቡሶቹ ማኅበር አዝኖልኝ መናኸሪያው ግቢ ውስጥ አውቶቡስ የማሰለፍ ሥራ ሰጠኝ። ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፣ ከበሩ ሳልወጣ። አውቶቡሴን አንድ የሾኔ ሾፌር ተረከባት፤ ረጅም፣ ሳቂታ፣ ተሳፋሪ የሚወደው። ቀናሁበት፤ ምን እደብቃለሁ? እሱ ወራቤን ሲያልፍ እዚህ የእኔ ሆድ ይቃጠላል። ዓመት ሙሉ አውቶቡሷን አልነካኋትም፤ ራሱ እንዲያቆማት እተውለት ነበር።

ልጄ ስልኳን ባሳየችኝ ማግስት ጠዋት ግን ያ ባቡር ከዓይኔ አልጠፋ አለኝ። ዓይኔን አልቆጣው፣ ማኅበሩን አልቆጣው፤ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ሆነና፣ የሾኔው ሾፌር ተራ ሊደርስ ሲል ሁለት አውቶቡሶች አምጥቼ ከፊቱና ከጎኑ ገተርኩበት። ተራው ሲጠራ በሩ ላይ ያልተገኘ ወደ ሰልፉ ጭራ ይሄዳል። ይሂድ፣ አልኩ በልቤ።

ተራ አስከባሪው ሲጣራ፣ ሰውዬው ቢሞክር ቢሞክር መውጣት አቃተው። ወርዶ ወደ እኔ መጣ። አልተቆጣም።

«ጋሼ፣ ከዚህ ማጥ የሚያወጣኝ እርስዎ ብቻ ነዎት። በሞቴ ያውጡልኝ።»

እምቢ ለማለት አፈርኩና አውቶቡሷ ውስጥ ገባሁ። እግሬ ፍሪሲዮኑን ሳይፈልግ አገኘው። ወንበሩ እኔ የተውኩበት ቦታ ላይ ነበር፣ በአጭር ቁመቴ ልክ። ያ ረጅም ሰው ዓመት ሙሉ ጉልበቱን ከመሪው ጋር እያጋጨ አዲስ አበባ ተመላልሷል።

«ወንበሩን ለምን ወደ ኋላ አልገፋኸውም?» አልኩት በመስኮቱ።

«ዓይንዎ ሲሻልዎት ይመለሳሉ ብዬ ነዋ!»

ዓይኔ እንደማይሻለው ሐኪሙ ነግሮኛል፤ ለማንም አልተናገርኩም። ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ ብዬ አወጣኋትና በሩ ላይ አቆምኳት፤ ተራው አላለፈም። ከመውረዴ በፊት እጄን ከወንበሩ ሥር ሰድጄ ማንሻውን ያዝኩና፣ እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ገፋሁለት።